ስምንት ዓመት የዘለለው ኮምፒውተር

ኀሙስ ጥር 19 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መካነ ሰላም በነበረው የማኅበራችን መድኃኒት ቤት፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጭኖለት ተከፈተ። ሰዓቱን የማልረሳው የእጅ ሰዓቴንና በማሽኑ ግርጌ የሚታየውን አስተያይቼ ስለ ነበር ነው። የእኔ ዘጠኝ ተኩል ይላል፤ የእሱ ሦስት ተኩል። በእኔ ዘንድ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሦስት ነው፤ በእሱ ዘንድ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ።

መድኃኒት ቤቱን ያቋቋሙት የከተማው ሰዎች ነበሩ። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አዋጥቶ የከፈተው ነው። እኔ በዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ የተማርኩ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ነበርኩ። ከበላዬ የማኅበሩ ኮሚቴ አለ፤ ሰብሳቢው የታወቁ ነጋዴ ሀጂ ነበሩ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን ኃላፊነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ እኔም የከተማውም ሰው «ጋሼ» የምንላቸው ሰው። ኮምፒውተሩ በቫይረስ ተዳክሞ ነበርና ሲስተሙ ይቀየር የሚለውን ሐሳብ ያመጡት ጋሼ ናቸው። እኔም አልተቃወምኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀኑ እንዳይነካ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በዚያ ዘመን በወረዳ ከተሞች ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ እኛም የኮምፒውተሩን ቀን የሞላነው በራሳችን አቆጣጠር ነበር። ደረሰኝ የሚቆረጥለት ገበሬ ቀኑን አይቶ ሊያውቀው ይገባል፤ ሒሳብ መርማሪውም የሚጠይቀው በእኛው ቀን ነው። ስለዚህ መስከረምን አንደኛ፣ ጥርን አምስተኛ ወር አድርገን፣ ዓመቱንም ሰዓቱንም በእኛ ቁጥር ሞልተን እንሠራ ነበር። ማሽኑ አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል። ሁለተኛውን ወር በሃያ ስምንት ቀን ስለሚጨርሰው የጥቅምትን የመጨረሻ ቀኖች አይቀበልም፤ በሌላ ወር ደግሞ ሠላሳ አንድ ብሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ማለዳ ገብቼ ቀኑን በእጄ አስተካክላለሁ። ጳጉሜንን ከነጭራሹ አያውቃትም። ጳጉሜን ስትገባ ኮምፒውተሩን አጥፍተን፣ ካርቦን ደርበን የእጅ ደረሰኝ እንቆርጣለን። ለዚህ የሚሆን ጥራዝ ከመሳቢያዬ አይጠፋም ነበር።

በመድኃኒት ሳጥን ላይ የሚታተመው የማብቂያ ቀን ግን የአውሮፓውያኑ ነው። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ሲገባ የማብቂያ ቀኑን ወደ እኛ ዘመን መልሼ እመዘግባለሁ፤ ሁለቴ እያሰላሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ እያረጋገጥኩ። የመጋዘኑ ፕሮግራም የዕለቱን ቀን ከማብቂያው ቀን ጋር ያስተያያል። ቀኑ ያለፈበትን በቀይ ያሳያል፤ ደረሰኝም አይቆርጥለትም። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አንዲት ፍሬ ኪኒን እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ ሁሉ ለዓመታት ያለ እንከን ሲሠራ የኖረ ነው። «ቀኑን አትንኩ፤ ኃላፊዋን ጠይቁ» የሚል ወረቀትም በማሳያው ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጥፌ ነበር።

ከደሴ የመጣው ባለሙያ ያን ወረቀት ልጦ ጥሎታል። ሲጠይቁት «አቧራ ስጠርግ» አለ።

ሰውዬው ጎልማሳ ነው፤ ጫማው ሹል፣ ንግግሩ ፈጣን። እኔ በመስኮቱ በሽተኞች ሳስተናግድ እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ሲጨርስ ጋሼን አስጠርቶ የርክክብ ፊርማ አስፈረመና ቦርሳውን ዘጋ። እኔ ዞር ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

«እህቴ፣ ነይ እዪው! አዲስ ማሽን ሆኗል እኮ!» አለኝ።

በመጀመሪያ፣ እኔ በማላውቀው ሰው «አንቺ» መባልን አልለመድኩም። ሁለተኛ፣ ያየሁት ነገር አላስደሰተኝም። በማሳያው ላይ የሚከፈቱት መስኮቶች ሁሉ እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ለምን እንደሚያሳልፉ የሚያውቅ የለም። አንዱን ስዘጋው እየጠበበ፣ እየደበዘዘ፣ ልክ እንደ ሙሽራ አጎንብሶ ነው የሚሄደው፤ ወረፋ ይዞ የቆመ በሽተኛ እስኪዘጋ ድረስ ይጠብቅ! ለዓመታት በግራ በኩል የነበረው ሁሉ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ በቀኝ የነበረው ጭራሽ የለም። አታሚያችንን አላውቃትም ይላል። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» እያልኩ በአማርኛ የማትመው የአወሳሰድ መመሪያ በትንንሽ ባዶ ሣጥኖች ተሞልቶ ወጣ፤ ፊደሉ ከአሮጌው ሲስተም ጋር አብሮ ተቀብሯል። አንድ ተራ ፋይል ልከፍት ስል ማሳያው ጨለመና «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ መጣ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት እርግጠኝነቴን የጠየቀኝ ፍጡር የለም።

«ቀኑን ለምን ነካኸው?» አልኩት።

ሳቀ። «ምን ነካኸው ትያለሽ? ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታችሁ አገኘኋችሁ፤ ከዓለም ጋር አስተካከልኳችሁ! ለዚህስ ሻይ ይገባኝ ነበር።»

«ወረቀት ለጥፌ ነበር።»

«አታካብጂ፣ እህቴ። ሲለምዱት ደስ ይላል። ኩታበር ያሉት ደንበኞቼ እየጠበቁኝ ነው» ብሎ ወደ ደሴ በሚመለስ አይሱዙ ጋቢና ገባና ሄደ።

ቀኑን ልመልሰው ተቀመጥኩ። አዲሱ ሲስተም ግን ቀን የሚቀይረው አስተዳዳሪው ብቻ ነው አለ፤ የአስተዳዳሪውንም የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ለአስተዳዳሪነት የተመዘገበው ባለሙያው ራሱ ነበር። የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጠም፤ የሚያውቀው ማንም አልነበረም። ስልኩን ደጋግሜ ደወልኩ፤ ከከተማው ወጥቶ ኔትወርክ የሌለበት የገደል መንገድ ውስጥ ገብቷል መሰለኝ፣ አይጠራም። አንድ ሰው መጥቶ የቤትህን ቁልፍ ቀይሮ፣ አዲሱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ቢሄድ ምን ይባላል? በእኛ ዘንድ ግን ይኸው ሥራ «ማሻሻል» ተባለና በፊርማ ተረከብነው።

በዚህ መካከል ከወግዲ ወገን የመጡ አንድ እናት በመስኮቱ ቆሙ። አውቃቸዋለሁ፤ በየወሩ ይመጣሉ። ልጃቸው ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ስትመለስ የስኳር በሽታ ተገኘባትና ኢንሱሊን ትወጋለች። እናትየዋ ኢንሱሊኑን የሚወስዱት እርጥብ አሸዋ በሞላት ትንሽ ማሰሮ ነው፤ አሸዋው መካከል ጎድጎድ አድርገው ያስቀምጡታል፣ በነጠላ ጠርዝ ይሸፍኑታል፤ በገጠር ማቀዝቀዣ ለሌላቸው ይህን ያስተማርን እኛ ነን። በከተማው በዚያ ሰሞን ኢንሱሊን የነበረው በእኛ መጋዘን ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ» አሉ ማሰሮዋን መስኮቱ ላይ አኑረው። «የዛሬውስ አልቋል፤ የነገ ጠዋት ብቻ ናት የቀረቻት። የማታው ከእኔ ጋር ካልደረሰ እንጃላት።»

ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ማሳያው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ኢንሱሊኑ፣ የሕፃናቱ ሽሮፕ፣ የወባው፣ የራስ ምታቱ፣ አንድም ሳይቀር። ማሽኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ላይ ነው፤ እኔ የመዘገብኩት ማብቂያ ሁለት ሺህ አምስት፣ ሁለት ሺህ ስድስት ይላል። በእሱ ሒሳብ መጋዘናችን ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ደረሰኙን ስጠይቀው «አይቻልም» ብሎ መለሰልኝ።

ጥፋቱ በትከሻዬ አሻግረው ሲያዩ የነበሩት ጋሼም ማየታቸው ነው።

«ይኼ ሁሉ ያለፈበት ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አይደለም፣ ጋሼ። ቀኑ ነው የተለወጠው። መድኃኒቱ ደህና ነው።» የኢንሱሊኑን ሳጥን አምጥቼ የታተመውን ቀን አሳየኋቸው። «እንደ አውሮፓውያን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት፣ ወር ዘጠኝ ይላል። በእኛ ሁለት ሺህ አምስት መስከረም ማለት ነው። ገና ከዓመት ተኩል በላይ ይቀረዋል።»

«አንቺ ትያለሽ። ማሽኑ ሌላ ይላል።»

«ማሽኑ የሚለው እኔ የጻፍኩለትን ነው።»

«አዲሱ ማሽን እኮ ነው! አሮጌው ሲሸፍነው የኖረውን አወጣው ቢሆንስ? ያለፈበት መድኃኒት አንድ ሰው ቢገድል የሚጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ ተቆጣጣሪው።»

የጋሼን ፍርሃት ፍርሃት አይደለም አልልም። ዕድሜ ልካቸውን መጋዘን የጠበቁ ሰው ናቸው፤ የተጠራጠሩትን ማሸግ ተምረዋል። ነገር ግን አንድ ሰው በእጁ የያዘውን፣ ታትሞ የሚነበበውን ሳጥን ትቶ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት የተጫነ ሲስተም ያለውን ሲያምን ማየት፣ አሁን ሳስታውሰውም ደሜን ያፈላዋል። የተማርኩበት ዓመት፣ ያሰላሁት ሁሉ፣ በአንድ ቀይ ቀለም ፊት ምንም ሆነ።

«እሺ፣ ማሽኑን እንተወው» አልኩ። «እንደ ጳጉሜን በእጅ ደረሰኝ እንሥራ። ደንቡ ይፈቅዳል።»

«ደንቡ የሚፈቅደው በጳጉሜን ነው። ዛሬ ጳጉሜን ነው እንዴ? ጥር ላይ ነን እኮ! ከነገ ወዲያ አስተርዮ ማርያም ነው፣ አንቺ ጳጉሜን ትያለሽ!»

ወረፋ ላይ ካሉት አንዱ ሳቀ። ጋሼ ሳጥኑን ከእጄ ተቀብለው ወደ ማቀዝቀዣው መለሱት፤ የመጋዘኑን በር ቆለፉ፤ ወረቀት ለጠፉበት፤ ቀይ ሰም አንጠባጥበው በኪሳቸው ይዘዋት በሚዞሩት ማኅተም መቱት። ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ አይከፈትም ተባለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው።

እናትየዋ ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። ስለ ዘመን አቆጣጠር ሊጠይቁኝ አልሞከሩም። «የወግዲው መኪና ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው የሚነሣው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ከእሱ በኋላ ሌላ የለም። ቅዳሜ ነው ከዚያ። ያረብ፣ እስከ ቅዳሜ እኮ አትቆይም።»

የመለስኩላቸው መልስ አጭር ነበር፤ «እማማ፣ ነገ ጠዋት ከመኪናው በፊት እዚህ ይምጡ» አልኳቸው። ሰው በቃሌ እንዲተማመን አድርጌ ቃሌ የእኔ እንዳልሆነ ሳውቅ ያን ያህል ያፈርኩበትና የተቆጣሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እሳቸው ማሰሮዋን አንሥተው፣ ገበያ አጠገብ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ሄዱ።

መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ሀጂ ሱቅ ሄድኩ። ዘይትና ዱቄት የሚያወርዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሀጂ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ ነበር። ያልተለመደ ስለ ነበር ደነገጡ፤ እኔ ያለ ጥሪ የሰው ሱቅ የምሄድ ሴት አይደለሁም።

«ምነው? ደህና አይደለሽም?»

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። መጨረሻ ላይ የጠየቅኋቸው ስብሰባው ከጁምዓ በኋላ ሳይሆን ጠዋት እንዲሆን ብቻ ነው።

«ጋሼሽን ማስቀየም ነው እኮ ይኼ» አሉ። «ሰውዬው ያሸገውን ማስፈታት...»

«ሀጂ፣ ልጅቷ የቀራት የነገ ጠዋቱ ብቻ ነው።»

ጫማቸውን አውልቀው ወደ ጎን አደረጉ። «ኢንሻአላህ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ። እኔ ሰው እልካለሁ። አንቺ ግን እዚያ ስትመጪ ቁጣሽን ቤትሽ ትተሽው ነይ፤ ወላሂ ፊትሽ ያስፈራል።»

ቁጣዬን ቤቴ አልተውኩትም። ግን አጣጥፌ ይዤው ሄድኩ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮሚቴው በመድኃኒት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀመጠ። ብርዱ ከባድ ስለ ነበር ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። ጋሼ ቀድመው መጥተው በታሸገው በር አጠገብ ቆመዋል፤ ሰሙ እንዳልተነካ መጀመሪያ ያረጋገጡት እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። አዲሱን የመክፈቻ ዜማውን አሰማ፤ ከአባላቱ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ «ደስ ይላል ድምፁ!» አሉ። ማንም አልተከተላቸውም።

ጋሼ ተናገሩ፤ በጎ ሰው እንደሚናገር ተናገሩ። እሳቸው ማንንም አይከሱም። ግን ማሽን አያዳላም፤ አዲሱ ሲስተም መድኃኒቱ አልፎበታል ካለ፣ ከበላይ መርማሪ መጥቶ እስኪያይ መጠበቅ ይሻላል። መምህሩም በመስማማት አንገታቸውን ነቀነቁ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ ዘመን አቆጣጠር ትምህርት ልሰጥ አሰብኩና ተውኩት። በዋዜማው የታተመውን ቀን ወደ እኛ ዘመን እየመለስኩ ያስረዳሁት አልጠቀመኝም። ከመስኮቱ መደርደሪያ አንድ የራስ ምታት ኪኒን ካርቶን አነሣሁ፤ ከገና በዓል በፊት ከአቅራቢው የገባ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን የተረከቡት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ቆጥሬ ነው የተረከብኩት።»

«ሲረከቡ የማብቂያውን ቀን አይተዋል?»

«ሳላይ ፈርሜ አላውቅም!» አሉ፣ ተቆጥተው።

«እንግዲያው ማሽኑ የሚለውን ያንብቡልን።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ማሳያው አጎነበሱ። ካርቶኑን አዩ፤ ማሳያውን አዩ። ማሽኑ ያ ኪኒን ካለፈበት ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው ይላል።

«እርስዎ ሲረከቡት፣ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆነውን መድኃኒት ነው የተረከቡት ማለት ነው» አልኩ። «ወይ እርስዎ አላዩም፤ ወይ ማሽኑ ተሳስቷል። እኔ እርስዎ ሳያዩ እንደማይፈርሙ አውቃለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ቆየት ብለው፣ «እኔስ አይቻለሁ» አሉ። «እኔስ በደንብ አይቻለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሀጂ። «ታዲያ ምን ቀረን?»

ለእሳቸው ምንም አልቀራቸውም ይሆናል። ለጋሼ ግን ደንቡ ነበር። በጥር ወር የእጅ ደረሰኝ በየትኛው አንቀጽ እንደሚቆረጥ ጠየቁ፤ ሲጠይቁም ከእልኽ አልነበረም፤ እሳቸው ያለ አንቀጽ በር ከፍተው አያውቁም። መምህሩ ደንቡን አንብበው ያው ጳጉሜን ብቻ እንደሚል አረጋገጡ። እኔ በሙሉ ኃላፊነት እንደምፈርም ነገርኳቸው። ይህንን ስል ድምፄ ከተለመደው ከፍ ብሎ ነበር፤ ባለሙያ ነኝ ብዬ፣ ራሴ መዝግቤ፣ ራሴ አስልቼ፣ ደግሞ ለራሴ ዋስ መሆኔ ያንገበግበኝ ነበርና። ውጭ፣ በመስኮቱ መስታወት በኩል፣ እናትየዋ ማሰሮዋን አቅፈው ቆመው ይታዩኛል።

ሀጂም አዩዋቸው። ዘወር ብለው ጋሼን፣ «አንተ ያለ አንቀጽ አትከፍትም» አሏቸው።

«አልከፍትም።»

«አንቀጹ ጳጉሜን ነው የሚለው።»

«ጳጉሜን ነው የሚለው።»

«ማሽኑስ ዛሬ ስንት ነው ይላል?»

«የእኛን አይልም። የፈረንጅ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ማሽኑ የእኛን ቀን የማያውቅበት ወቅት ምን ይባላል በዚህ ቤት?» አሉ ሀጂ። ከዚያ ወደ ሁላችን ዞረው፣ «ጀመዓው ከተስማማ፣ ያ ሰውዬ ቁልፉን ይዞ እስኪመለስ ድረስ ጳጉሜን ነው በሉና ጻፉ። ጋሼም ሰሙን ይፍታ፤ መኪናው ሊሄድ ነው» አሉ።

ጋሼ ሰሙን ራሳቸው በጩቤ ፈቱት፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። የእጅ ደረሰኙን ጥራዝ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ካርቦን ደረብኩና የመጀመሪያውን ለእናትየዋ ቆረጥኩ። ኢንሱሊኑን አሸዋው ውስጥ አኑረው በነጠላቸው ጠርዝ ሸፈኑት። «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» ብለው ወደ መኪናው ሄዱ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አዲሱ ሲስተም የአማርኛ ፊደል ስለሌለው በእጄ። ባለሙያው በአስቸኳይ ተመልሶ የይለፍ ቃሉን እንዲያስረክብ፣ ከእንግዲህም ማንም ሰው ኃላፊዋ ሳትፈቅድ የኮምፒውተሩን ቀን እንዳይነካ፣ እስከዚያው ድረስም ከዓርብ ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠዋት ጀምሮ በመድኃኒት ቤታችን ጳጉሜን እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።